የቱቦው አውሬ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ይህን የምጽፍበት እጄ ይድረቅ። ይህን ያህል የምምለው ለሚያውቁኝ ሰዎች ስል ነው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች እኔ «ዘነበ» ስል ወጥተው ሰማዩን ሳያዩ ጃንጥላ አያነሱም። እባብ በጅራቱ ይዤ እንደ ገመድ ዘልዬበታለሁ ብያለሁ፤ አልክድም፣ ብያለሁ። የትምህርት ቤታችንን ደወል የዋጠ ፍየል ነበር፣ ፍየሉ በሮጠ ቁጥር ለእረፍት እንወጣ ነበር ብያለሁ። ይሄኛው ግን ስለ ሽንት ቤታችን ነው። ሰው ስለ ሽንት ቤት ምን ብሎ ይዋሻል?

ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ሽንት ቤት። አከራያችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ከፊት ለፊታችን ነበር የሚኖሩት። ሽንት ቤቱ ኩራታቸው ነበር። ነጭ መቀመጫ፣ ከላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የብረት ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከእሱ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የእንጨት እጀታ። እጀታውን ሲስቡት ውሃው እንደተቆጣ ሰው እየጮኸ ይወርድ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ታመመ። ሰንሰለቱን ስንስብ ውሃው ከመውረድ ይልቅ ይወጣ ጀመር። እስከ መቀመጫው አፍ ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ ቆሞ የሚያስብ ይመስላል፤ ሐሳቡን ሲጨርስ ቀስ እያለ ይጎድላል። ሲጎድል ከውስጥ ድምፅ ይመጣል፦ ግልል... ግልል... እህህ።

ያን ድምፅ ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አምስት ዓመት የሆናትን ታናሽ እህቴን በሩ ላይ አቆምኳትና አስረዳኋት። ቱቦው ውስጥ አውሬ አለ። ሲገባ አይጥ ያክል ነበር፤ አሁን ጥጃ አክሏል። ዓይን የለውም፤ ልጅ የሚያውቀው በዝምታው ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ካገኘ ጎትቶ ያስገባዋል። የሚዘፍን ልጅ ግን አይነካም።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ፣ እግሯን እያጣበቀች።

«የጎረቤቱ ልጅ ዝም ብሎ ነው የጠፋው።»

«እሱ እኮ አክስቱ ጋ ነው የሄደው።»

«አክስቱ ጋ ነው ያሉት እንዳትፈሪ ብለው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ግቢው በዘፈን ይናጋ ነበር። እትዬ በመስኮታቸው ብቅ ብለው «ይቺ ልጅ ዘፋኝ ልትሆን ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። የውሸት ችግሩ ግን አለ፤ ጥሩ አድርጎ የሠራው ሰው ራሱም ይገባበታል። ሳምንት ሳይሞላ እኔም እየዘፈንኩ መቀመጥ ጀመርኩ።

የመሃረቦቹ መጥፋት የታወቀው በዚያው ሰሞን ነው።

እናቴ ለአባቴ መሃረብ የምትሰፋለት ከአሮጌ አንሶላ ነበር። በአራት ማዕዘን ትቆርጥና ጠርዙን በሰማያዊ ክር ትዘመዝመዋለች። አባቴ ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ፊደል እየለቀመ ይደረድራል፤ ሲመጣ ቀለምና ናፍጣ ይሸታል። በየቀኑ አንድ ንጹሕ መሃረብ በኪሱ ይዞ ይወጣል። ልብስ በሚታጠብበት ቀን ግን እናቴ ኪሱን ሁሉ ገልብጣ ምንም አላገኘችም። በሚቀጥለውም ሳምንት ምንም።

«አንተ ቀጣፊ!» አለችኝ። በቤታችን ስሜ ይሄ ነበር፤ የመዝገብ ስሜን የሚያውቀው አስተማሪዬ ብቻ ነው። «መሃረቦቹን ለኳስ አደረግካቸው አይደል?»

«እማዬ ሙች አልወሰድኩም!»

«በኔ አትማል!»

«እሺ በእትዬ ልማል?»

«ጭራሽ!» ብላ ጆሮዬን ያዘችው።

የጆሮ ነገር ብርቄ አልነበረም። ያናደደኝ ሌላ ነው፤ ስንት ነገር አጥፍቼ ያመለጥኩ ሰው ባላጠፋሁት መያዜ። ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ደግሞ አባቴ ነው። ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተይው እባክሽ፣ ጆሮው ተነቅሎ በምን ይስማሽ?» ብሎ ያስለቅቀኝ ነበር። ያን ቀን ምንም አላለም። ጋዜጣውም ገጹ አልተገለጠም።

አባቴ ተቀይሮ ነበር። በፊት ከሥራ ሲመጣ እኔንና እህቴን ይዞ ያልተላጨ ጉንጩን ፊታችን ላይ እየፈተገ ያስጮኸን ነበር። አሁን ገና ከበሩ «ደክሞኛል፣ ወዲያ በሉ» ይለናል። ለብቻው የቆርቆሮ ኩባያ ያዘ፤ መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ራሱ ያጥበዋል፤ እህቴ አንድ ቀን አንስታ ውሃ ልትጠጣበት ስትል ከእጇ የነጠቀበት አነጣጠቅ አስለቀሳት። «ጀርባዬን አሞኛል» ብሎ አልጋውን ትቶ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። እና ሽንት ቤት ገብቶ ይቆያል። ሰንሰለቱን ይስባል፣ ደግሞ ይስባል፣ ውሃው እስኪሞላ ይጠብቅና እንደገና ይስባል። እኔ ተቆጥቶን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከአውሬው ወሬ የተነሳ፣ በተለይ በኔ።

አንድ ቀን እናቴና እትዬ ቧንቧው ሥር ልብስ ሲያጥቡ እኔ ከገንዳው ኋላ ሆኜ ጉንዳን እያሰለፍኩ ነበር።

«ልጄ፣ ወንድ ልጅ አልጋ ሲለይ ደግ ነገር አይደለም» አሉ እትዬ።

«ጀርባዬን ነው ያለኝ።»

«ጀርባ ሶፋ ላይ ይድናል?»

እናቴ ሳሙናውን አንስታ አንገትጌ ትፈትግ ጀመር።

«መሃረቦቹንስ የት ይጥላቸዋል? የኔም ነፍሱን ይማረውና፣ ኮቴን ሥራ ቦታ ረሳሁት አለኝ። በኋላ ኮቱን አየሁት። ሴት ለብሳው!»

«ይተዉ እትዬ።»

«ተውኩት። ግን ደግሞ ያን ሽንት ቤት አሠሩልኝ። ውሃ ሲንዶቀዶቅ ይውላል፤ ቆጣሪው እንደ መኪና እየሮጠ ነው። ካልተስተካከለ እኔም ቤቴን እፈልገዋለሁ።»

እናቴ የተጨመቀውን ልብስ እንደገና ጨመቀችው። አንድ ጠብታ አልወጣውም። እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ በከተማው ውስጥ የሰው ባል መሃረብና ኮት የምትሰበስብ፣ ብርድ የጠናባት ሴት አለች፤ እና ሽንት ቤቱ ካልተሠራ ደጅ ልናድር ነው። ስለ ሴትዮዋ ምንም ማድረግ አልችልም። ሽንት ቤቱን ግን ልሠራው ወሰንኩ። ሽንት ቤቱን ብሠራው እትዬ ይረካሉ፣ አባዬም ይታረቀኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ ገበያ ወጣች። የኮት መስቀያ ሽቦ ፈትቼ አቃናሁና ጫፉን ቆለመምኩት። እህቴን ኮሪደሩ ላይ አቁሜ «ዝፈኚ፣ እንዳታቋርጪ» አልኳት። እሷ ስትጮህ እኔ ተንበርክኬ ሽቦውን ወደ ውስጥ ሰደድኩት። መቀመጫው ከታች ይታጠፋል፤ ሽቦው እዚያ ደረሰና እንቢ አለ። ገፋሁት፤ አዞርኩት። እጄ እስከ ክርን ውሃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሽቦው የሆነ ለስላሳ ነገር ያዘ።

ሳብኩ። እሱም ሳበኝ። ይህን እምላለሁ፣ መልሶ ሳበኝ።

አንዴ በኃይል ስጎትት ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር ብቅ አለ፤ የሚያሟልጭ፣ የተጨማደደ፣ ጫፉ የጠቆረ ቀይ። ዙሪያውን ያለው ውሃ እንደ ሮዝ አበባ ቀላ። ሽቦውን ለቀቅኩት። ነገሩ ተንሸራቶ ወደ ጨለማው ተመለሰ።

ወጋሁት። አውሬውን ወጋሁት።

ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ያን ቀን ያለ ሰዓቱ ነበር የመጣው፤ ፊቱ የማተሚያ ወረቀት መስሏል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አባዬ፣ ወጋሁት። ደማ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ማን?» ይል ነበር። እሱ አላለም። ውሃውን አየው። ከዚያ ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ብዙ ደማ?»

«ትንሽ ነው።»

«እህትህ አይታለች?»

«አላየችም። እየዘፈነች ነው።»

«ስማኝ» አለኝ፤ ድምፁ ሹክሹክታ ነበር። «እኔ አውቀዋለሁ ይሄን አውሬ። እያከምኩት ነው። እናትህ ካወቀች ትደነግጣለች፤ እትዬ ካወቁ ያስወጡናል። ገባህ?»

እስቲ አስቡት። ከራሳችሁ ጭንቅላት አውጥታችሁ የፈጠራችሁትን አውሬ አባታችሁ «አውቀዋለሁ» ሲላችሁ። ጠጉሬ ቆመ። ደስም አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

«እና የኔ ቀጣፊ» አለ፣ «መሃረቦቹን እዚህ የከተትኳቸው እኔ ነኝ ብለህ ለእናትህ ትነግርልኛለህ? እንደምታውቅበት አድርገህ። እንድታምንህ አድርገህ።»

አባቴ፣ ስዋሽ ሁልጊዜ «እውነት እውነቱን» እያለ ጣቱን የሚያወዛውዝብኝ ሰው፣ ውሸት አዘዘኝ። ልብስ ሰፊ እንደሚታዘዝ፣ በልክ።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ! ደም መትፋት ከጀመረ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ታላቅ ወንድሙ በዚያው ሳል በእግሩ ሆስፒታል ገብቶ በሰው ትከሻ ወጥቷል፤ ስለ ሆስፒታል አባቴ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። መሃረቦቹን እናቴ ስለምታጥባቸው ሊደብቃቸው አይችልም፤ ቆሻሻ የሚያቃጥሉት እትዬ ስለሆኑ ሊጥላቸው አይችልም። የቀረው ሰንሰለቱን መሳብ ነበር። እናቴ የጠረጠረችውንም ያውቅ ነበር። ከሁለቱ፣ ከሴትና ከሳል፣ የትኛውን እንድታምን ይሻላል ብሎ አስቦ፣ ሦስተኛ ነገር ከኔ አዘዘ።

በዚያው ቀን እራት ቀርቦ ሁላችንም ተቀምጠን ሳለ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እማዬ፣ መሃረቦቹን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«መርከብ እያደረግኋቸው ወደ ባሕር እየላክኋቸው ነው። የመጀመሪያው መርከብ ካፒቴን የሸሚዝ ቁልፍ ነበር፤ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው። ሁለተኛው የተበላ እርሳስ ነው፤ እሱ ፈሪ ስለሆነ ሁለት መሃረብ ሰጠሁት። ሰንሰለቱን ስስብ ማዕበል ይነሳል። የተወሰኑት ግን መታጠፊያው ላይ መልሕቅ ጥለዋል መሰለኝ፤ ለዚህ ነው ውሃው የሚቆመው። ባሕር ሲደርሱ ደብዳቤ ይጽፋሉ።»

ጥፊውን እየጠበቅሁ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰበሰብኩ። እናቴ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ አላባራ ሲላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጣቶቿ መሃል እንባ ወጣ። ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ፤ ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር። ጭንቅላቴን ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። «አንተ... አንተ ሌባ... መርከብ!» እያለች።

አንድ ደርዘን መሃረብ ጠፍቶ የሚሳም ልጅ አይቼ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች አብደዋል አልኩ። ያን ምሽት እናቴ እያንጎራጎረች የአባቴን ሸሚዝ ተኮሰች፤ አንገትጌውን ሁለት ጊዜ። አባቴ «ቱቦውን ራሴ አጸዳዋለሁ» አለና የቆርቆሮ ኩባያውን ውስጥ ውስጡን ያይ ጀመር።

በዕድሜዬ ስንት ውሸት እንደተናገርኩ ፈጣሪ ይቁጠረው። እስከ ታች ድረስ የታመነልኝ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹም ሆንኩ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ሽንት ቤት ይገባል፤ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሥራዬ መዝፈን ነው። «ጮክ አድርገህ» ይለኛል፤ «ሰው እንዳይረብሸው።» እዘፍናለሁ። ከውስጥ ሳል ይመጣል፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ ጣውላ በመጋዝ እንደሚቆረጥ። የአውሬው ሳል መሆኑን ከኔ በቀር ማን ያውቃል? ሳሉ ሲበረታ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ የሞቀ ውሃና ሳሙና ሲንቆረቆር ይሰማል፤ ባለ እንጨት እጀታው የቱቦ መግፊያ ላስቲክ ቧ ቧ ሲል ይሰማል፤ ሰንሰለቱ ይሳባል። አባቴ ፊቱን ታጥቦ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል።

«እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«ዛሬ ይሻለዋል።»

«መድኃኒቱን ዋጠ?»

«ዋጠ።»

ውሃው አንድ ቀን ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ቀን ይቆማል። ለእህቴ በምስጢር ነገርኳት፤ አውሬው ታሟል፣ አባዬ ሐኪሙ ነው፣ እኔ ረዳቱ። «ሲድን ይወጣል?» አለችኝ። «ሲድን ወደ ባሕር ይሄዳል» አልኳት።

አውሬው ግን አልዳነም፤ ሳሉ እየጠነከረ ሄደ። አባቴ በቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት። በሳምንቱ ሌላ በሳ። የሸሚዙ አንገት ሁለት ጣት ያስገባ ነበር፤ አሁን እጄን በሙሉ ያስገባል። ነገሩን በገዛ ሒሳቤ ደረስኩበት፦ የሚሰጠው መድኃኒት አይደለም። አውሬው እየወፈረ፣ አባዬ እየቀጠነ ነው። አውሬው እየበላው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገና ሽንት ቤት ሳይገባ ሱሪውን ይዤ ተንጠለጠልኩበት።

«አባዬ፣ አታክመው።»

«ልቀቀኝ የኔ ልጅ።»

«አታክመው! ተወው ይሙት!»

ቆመ። «ይሙት?»

«ይሙት። አንተ ነህ እያለቅህ ያለኸው። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ከጭንቅላቴ ነው ያመጣሁት፤ እና ይሙት። ምንም አይደለም።»

እጁ ወደ ጭንቅላቴ መጣች። መንገድ ላይ ቆመች። ተመልሳ ኪሱ ገባች።

«እሱ ብቻውን ቢሞት እኮ ጥሩ ነበር» አለ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ገባና በሩን ዘጋ።

«ዝፈን» አለኝ ከውስጥ።

ዘፈንኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ዘፈንኩ። እናቴ ከወዲያ ክፍል «ደግሞ ዛሬ ምን ነካው ይሄ ልጅ፣ ግጥሙን ሁሉ አበላሸው!» ስትል ሰማኋት።

ከመርከቦቹ ውሸት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ውሃው ከመቀመጫው ሞልቶ ኮሪደሩን አለፈና የእናቴን ጫማ አንሳፈፈ። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እትዬ ሮጠው ወጥተው ጎንበስን ይዘው መጡ።

ጎንበስ የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሽንት ቤት ላይ ጎንብሶ ከመሥራት ብዛት ወገቡ መቃናት ትቷል፤ ሰውን የሚያውቀው በጫማው ነበር። ገና ሲገባ እግሬን አይቶ «አንተ ነህ የቱቦ ባሕረኛው?» አለኝ። የመርከቦቹ ወሬ እሱ ጋ ደርሶ ነበር።

ውሃውን ዘጋ። በመቀመጫው ውስጥ የቀረውን በጣሳና በስፖንጅ ቀድቶ ጨረሰ። ብሎኖቹን ፈታና ነጩን መቀመጫ እንደ ሕፃን አቅፎ አንስቶ በጎኑ አስተኛው። ከሥሩ ጥቁር ክብ አፍ ወጣ። እህቴ ወዲያው መዝፈን ጀመረች።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ እትዬ።

ጎንበስ ቆልማማ ሽቦውን አስገባ፣ አዞረ፣ ጎተተ። የተጠቀለለ ጨርቅ ወጣ። ውሃ አፍስሶበት ሲዘረጋው ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር አለ።

«ይኸው መርከብህ!» አለች እናቴ፤ እየሳቀች ነበር።

ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው። ጎንበስ ጋዜጣ አንጥፎ በተራ ደረደራቸው። ሰባተኛው ላይ እጁ ዘገየ። ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን አነሳው። መልሶ ቀደም ብለው የወጡትን አንድ በአንድ ገለጣቸው።

«እትዬ፣ ልጆቹን ያስወጧቸው።»

እህቴን አስወጧት። እኔ ከበሩ ኋላ ገባሁ።

«እህቴ» አላት እናቴን፣ ወደ ጫማዋ እያየ፣ «በቤታችሁ የታመመ ሰው አለ?»

«የለም። ምነው?»

«ይሄ ደም ነው።»

«ቀለም ነው። ባሌ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው።»

«ቀለም ታውቂያለሽ አንቺ፣ ልብሱን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ቀለም እንዲህ አይረጋም።» ጨርቁን በቀስታ አስቀመጠው። «ታናሽ እህቴን በዚህ በሽታ ነው የቀበርኳት። እሷ ትራስ ሥር ነበር የምትደብቀው።»

እናቴ ዞራ ከበሩ ኋላ አወጣችኝ። ትከሻዬን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እውነቱን ንገረኝ።»

ቃል ገብቼ ነበር። ሹም ነበርኩ። «መርከቦቹ ተዋጉ» አልኩ። «የባሕር ሽፍቶች መጡ። ባለ አንድ ዓይኑ ካፒቴን ቆሰለ፤ ደሙ ሸራው ላይ...»

«እውነቱን።»

«...ሸራው ላይ ፈሰሰ፤ እርሳሱ ደግሞ እግሩን...»

«እውነቱን፣ ልጄ። እባክህ።»

እናቴ «እባክህ» ብላኝ አታውቅም። አፌ ብቻውን ይሮጥ ነበር፤ ሽፍቶች፣ ጎራዴ፣ ሻርክ። ከዚያ አፌም አለቀበት። «አውሬው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የወጋሁት! አባዬ እያከመው ነው፤ በየቀኑ ይስላል፣ እኔ እዘፍናለሁ፣ እንዳይሰማ እዘፍናለሁ፤ አባዬን እየበላው ነው!»

እጇ ከትከሻዬ ላይ ወደቀ። መስኮቱ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ኩባያ አየች። ሶፋውን አየች። ወለሉ ላይ በተራ የተዘረጉትን መሃረቦች አየች፤ በገዛ እጇ የዘመዘመችውን ሰማያዊ ክር።

«ምነው ሴት በሆነች» አለች። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። «ፈጣሪዬ፣ ምነው ሴት በሆነች!»

አንድ እግሯ ባዶ፣ አንድ እግሯ በነጠላ ጫማ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጠች።

እኔ እትዬ ዕቃችንን ወደ ውጭ እስኪወረውሩ ጠበቅሁ። ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ «መልሰህ ግጠመው» አሉት ጎንበስን፣ እኔና እህቴን በእጃችን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡንና ሻይ አፈሉልን። ወለላችንን ራሳቸው ተንበርክከው አጠቡት። ያስወጡናል ያለው አባዬ ተሳስቶ ነበር። ይህን ለመንገር ግን ጊዜ አልነበረም።

አባዬን ያስተኙበት ሆስፒታል ልጅ አያስገባም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ግቢው ውስጥ የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችንና ገባች። ሐኪሙ በሩ ድረስ ሸኝቷት ሲያናግራት ሰማሁ፤ ሳንባ አለ፣ ሁለቱም አለ፣ ብዙ ያልገባኝ ነገር አለ። አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፦ «ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት ሳምንት ሃያ አንድ ቀን ነው። ከውሸቴ እስከ ጎንበስ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ሁለት ቀን ይጎድላል። ስለዚህ እኔ አይደለሁም አልኩ። በዚያች ሁለት ቀን ላይ ዓመታት ተኝቻለሁ። ሐኪም «ሦስት ሳምንት» ሲል ጣቱን ቆጥሮ እንደማይናገር የገባኝ ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሁላችንንም መረመሩን። የእህቴ ሳንባ ላይ ትንሽ ጥላ ተገኘ፤ ለወራት ኪኒን ዋጠች፤ ዳነች። ጎንበስ አንድ ወር ቢዘገይ ኖሮ ብዬ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላስብም።

ያን ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እህቴ ታለቅስ ነበር። «አባዬ የታለ?» ትላለች፤ «አሳየኝ።» በዚህ መሃል አባቴ በሁለተኛው ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው መስኮት ላይ ብቅ አለ። እጁን አውለበለበልን። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ደፍጥጦ ጉንጩን ነፋ፤ እንደ ዱሮው ሊያስቀን። እህቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

በስምንተኛው ቀን ሞተ።

እንግዲህ ስለማልኩ ይህችን ላስተካክል። መስኮቱ ላይ ማንም አልነበረም። የዚያ ሕንፃ መስኮቶች እስከ ግማሻቸው ነጭ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ሰው ቢቆምም አይታይም፤ አባቴ ደግሞ ያኔ መቆም አይችልም ነበር። «ያውልሽ፣ ሦስተኛው ላይ! አፍንጫውን ደፈጠጠልሽ!» ያልኳት እኔ ነኝ። የፈጠርኩት ይህችን ብቻ ነው።

ባለፈው እህቴ ልጆቿን ሰብስባ ያን ቀን ስትተርክላቸው ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። አባዬ የለበሰው ሸሚዝ አረንጓዴ ነበር፣ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል አለቻቸው። እኔ ስለ ሸሚዝ ምንም አልነገርኳትም ነበር።